ያረጀ የጎልፍ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር ግዙ

ያረጀ የጎልፍ መኪና ሲያዩት ያታልላል። ትንንሽ ጎማዎች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መሪ፣ ከወንበሩ ሥር የተደረደሩ ባትሪዎች፤ ሌላ ምን አለው? ብዙ ሰው ዋጋውን ብቻ ተከራክሮ ይገዛና ቤቱ ካደረሰው በኋላ የገዛበትን እጥፍ ያወጣበታል። በአሜሪካ ደቡብ የምትኖሩና እንዲህ ያለ ነገር ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች ገንዘባችሁንም ዓይናችሁንም እንድታተርፉ ብዬ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ። ዓይናችሁን ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የምኖረው በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ በስተደቡብ በምትገኘው ፒችትሪ ሲቲ ነው። ከተማዋ ከመኪና መንገዱ የተለየ፣ በየሰፈሩና በሐይቆቹ ዳር የሚያልፍ 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አላት፤ እግረኛው፣ ብስክሌተኛውና የጎልፍ መኪናው እየተላለፉ ይሄዱበታል። ሰው ለገበያ የሚወጣው በጎልፍ መኪና ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውም ትምህርት ቤት የሚደርሰው በእሱ ነው። የጎልፍ ዱላ ጨብጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ደጁ ላይ አንድ አያጣም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር ጉልበቷ ርቃ እንድትሄድ አልፈቀደላትም፤ በመኪና ስንወስዳት ደግሞ መስታወቱ ተዘግቶ መቀመጥ ያፍናታል። የጎልፍ መኪና ለእሷ ሁነኛ መፍትሔ ነበር። የአዲሱ ዋጋ ግን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ ዓይኔን ወደ አሮጌው አዞርኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ የብረት ሻንሲ ያለው ነበር። ሻጩ ቀይ ቀለም አስቀብቶታል፣ ወንበሩን አዲስ ቆዳ አልብሶታል፣ ወለሉ ላይ ያልተረገጠ ላስቲክ አንጥፎበታል። ደጁ ላይ ትንሽ አስነዳኝ፤ ጥሩ ሄደ። ባትሪዎቹ ስንት ጊዜያቸው ነው ብዬ ስጠይቀው "ገና ናቸው" አለኝ። ተጭኖ ቤት ከመጣ ብዙም ሳይቆይ በመንገድ ላይ እያለን ከኋላ የመሬት መፋቅ ድምፅ ሰማሁ። የባትሪው መደርደሪያ ሥሩ ተበልቶ ወርዷል። ላስቲኩን ሳነሳው ከሥሩ ያለው ብረት በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ሆኖ አገኘሁት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ያለው ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ነው። ሲሞላ ይፈላል፣ ሲፈላ አሲድ ያዘለ ጤዛ በክዳኑ በኩል ይወጣል፣ ጤዛው ደግሞ በየዓመቱ በታች ያለውን ብረት ይበላል። ባለ 6 ቮልቱ አንድ ባትሪ ብቻውን 28 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስድስቱ ሲደረደሩ የሁለት ጎልማሳ ሰው ክብደት በዚያ በተበላ ብረት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ለመግዛት ስትሄዱ ቀለሙን እርሱት። የእጅ ባትሪና ትንሽ መዶሻ ያዙ፤ ላስቲኩን አንሡ፣ ከመኪናው ሥር ተኝታችሁ ግቡና ሻንሲውን ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ሻጩ ላስቲኩን ላንሳ ስትሉት ፊቱ ከተለወጠ አመስግናችሁ ተመለሱ።

በዚህ መሃል ነው አትላንታ አጠገብ ባለችው ክላርክስተን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ያገኘሁት። ሶማሌ ተራ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ከልጃቸው ጋር በጡረታ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ቀዩን መኪና ዞር ዞር ብለው አዩትና "ልጄ፣ ቀለሙን እንኳ በደንብ ገዝተሃል፤ መኪናው የታለ?" አሉኝ። ከዚያም ለመበየድ የምጠየቀው ገንዘብ ሌላ መኪና እንደሚገዛ አስልተው አሳዩኝ። በምክራቸው ፈታታሁት። ሞተሩ፣ የኋላ አክስሉ፣ ቻርጀሩና መሪው እየተነጠሉ ሲሸጡ ካወጣሁት ግማሹ ያህል ተመለሰልኝ። ያረጁ ባትሪዎችንም በየሜዳው አትጣሉ፤ እርሳሱ ዋጋ አለው፤ አዲስ ስትገዙ አሮጌውን የሚቀበሉ መደብሮች በምትኩ ሒሳብ ይቀንሳሉ።

ዓይኔን ሊያሳጣኝ የነበረው አደጋ የደረሰው መኪናው ከመፈታታቱ በፊት ነው። ባትሪዎቹን ሌሊቱን ሙሉ ሞልቼ፣ ጠዋት አንዱ ገመድ ላልቶ አየሁትና ቻርጀሩ እንደተሰካ ላጠብቀው የብሎን ቁልፍ አስገባሁ። ብልጭ አለ፣ ቀጥሎ የባትሪው ክዳን እንደ ተኩስ ጮኾ ፈነዳ። የማንበቢያ መነጽር አድርጌ ነበር፤ መነጽሩ በአሲድ ተነቆረ፣ ዓይኔ ተረፈ። ጉንጬና እጄ ግን ተቃጠሉ። ሚስቴ ጎትታ የቧንቧ ውሃ ሥር ከታኝ፤ ሕክምና ቤት የነገሩን ዋናው ያዳነኝ ያ ሳይቋረጥ የፈሰሰ ውሃ እንደሆነ ነው። ቢያንስ 15 ደቂቃ መታጠብ ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳ አሲዱን ስለሚያከሽፍ ለወለሉና ለመኪናው ጥሩ ነው፤ ዓይን ላይ ግን ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም አይደረግም። ሱሪዬ በዕለቱ ደህና ይመስል ነበር፤ ታጥቦ ሲወጣ ወንፊት ሆነ።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ብልጭታ ይበቃዋል። እንግዲህ የእኔ ቤት ደንብ ይህ ነው፦ ሲሞላ የጋራዡ በር ክፍት ነው፣ የወንበሩ ክዳን ተነሥቷል። ቻርጀሩ ሳይነቀልና ጋዙ ሳይበተን ባትሪው አይነካም። ከመሥራቴ በፊት የባትሪዎቹን ጥቅል ዋና ነጋቲቭ ገመድ እፈታለሁ። የቁልፌ እጀታ በኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠቅልሏል፤ ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር የሚሸጠው ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እሱን አትርሱ።

ከዚህ በኋላ ሌላ መኪና ለመፈለግ ወራት ወሰድኩ፣ በመቆየቴም ተጠቀምኩ። ከጎልፍ ሜዳዎች የሚወጡት መኪኖች በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ የሚተኩ በመሆናቸው በአብዛኛው የቅርብ ዘመን ናቸው። ከ1990 በፊት የተሠሩትን የምታገኟቸው ሌላ ቦታ ነው፦ በፒካን እርሻዎች፣ በካምፕ ግቢዎች፣ ባለቤታቸው በሞተባቸው ጋራዦች፣ ሰፊ ግቢ ባላቸው አብያተ ክርስቲያናት። ጆርጂያ ለዚህ የተመቸች ግዛት ናት። ከአትላንታ በስተምሥራቅ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኦገስታ ሰው የሚያውቃት በማስተርስ የጎልፍ ውድድር ቢሆንም ኢ-ዚ-ጎ የተባለው የጎልፍ መኪና ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው እዚያ ነው፤ ሌላው ሠሪ ክለብ ካርም ያለው በዚያው አካባቢ ነው። እንዲያውም በ1978 ክለብ ካርን የገዙት ከኢ-ዚ-ጎ የወጡ ስምንት ኃላፊዎች ነበሩ። የሁለቱ ፋብሪካ ጉርብትና ለእኛ የሰጠው ጥቅም አለ፤ በዚያ አካባቢ ያረጀ መለዋወጫ የሚያከማቹና ዕቃውን በዓይናቸው አይተው ከየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚነግሯችሁ ሰዎች አይጠፉም።

በመጨረሻ የተስማማሁት በ1984 በተሠራ ክለብ ካር ዲ-ኤስ ነው። አንድ ጡረተኛ ገበሬ የዶሮ ቤት አስጠግቶ አቁሞት፣ ላዩ ላይ ዶሮ ሲተኛበት የኖረ ነው። ወንበሩ ተቀዷል፣ ቀለሙ ነጭ ይሁን ቢጫ አይለይም፣ አይንቀሳቀስም። ሻንሲው ግን አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም እንደ ብረቱ አይዝግም። ይህ ማለት ሁሉም ነገሩ ይድናል ማለት አይደለም፤ ባላስትራው፣ የፊት አክስሉና ብሎኖቹ ብረት ስለሆኑ ማየት ያስፈልጋል። ዓመቱን ያወቅኩት ከመለያ ቁጥሩ ነው። በዚህ ሞዴል የኤሌክትሪኩ መለያ "ኤ" በሚል ፊደል ይጀምርና ተከትለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች የሞዴሉን ዓመት ያመለክታሉ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ፤ መለዋወጫ ስታዝዙ ያለ እሱ ብትሄዱ ሊገጥም ምንም ያልቀረው ነገር ግን የማይገጥም ዕቃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የማይንቀሳቀስ መኪና መግዛት ከሚንቀሳቀስ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ ዋጋው እውነቱን ይናገራል። ገበሬው "ቻርጀሩ ሞቷል" ብሎኝ ነበር። ቻርጀሩ አልሞተም። የዚያ ዘመን ቻርጀሮች ብዙዎቹ የባትሪውን ቮልት ካላገኙ ሥራ አይጀምሩም፤ ባትሪው ጨርሶ ከወረደ ዝም ይላሉ። መካኒኩ እያንዳንዱን ባትሪ በትንሽ የ6 ቮልት ቻርጀር ለየብቻ ቀስቅሰው ጥቅሉን ከፍ ሲያደርጉት ትልቁ ቻርጀር ራሱ መጉረምረም ጀመረ። ቻርጀር አዲስ ልገዛ ነበር፤ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ያን ጊዜ የተማርኩት ነገር ከሌላው ሁሉ በልጦብኛል፦ መለኪያ ሳይመሰክር ዕቃ አይገዛም። ስድስት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ያሉት ጥቅል 36 ቮልት ይባላል፤ ነገር ግን ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 38.2 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ቴስተራችሁ (የቮልት መለኪያው) ልክ 36 ካሳየ "ሙሉ ነው" ብላችሁ አትደሰቱ፤ ከግማሽ በታች ወርዷል። ከቻርጀር እንደተነቀለ የሚለካው ቁጥር ደግሞ ውሸታም ነው፤ ከፍ ብሎ ይታይና ይወርዳል። ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ መኪናውን ሞልተው ይጠብቋችኋል። መፍትሔው ዳገት ማስወጣት ነው፤ አንድ ሰው እየነዳ ሌላው ቴስተሩን በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ ያሳርፋል። በጭነት ውስጥ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚወድቀው ባትሪ ጥፋተኛው ነው። የባትሪውን ዕድሜም ሻጩን አትጠይቁት፤ ብዙ ባትሪዎች ላይ ፊደልና ቁጥር ታትሟል፤ ፊደሉ ወሩን ከኤ እስከ ኤል ይቆጥራል፣ ቁጥሩ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው።

የእኔ መኪና ከተነሣ በኋላ ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ሲያይ ግን ይደክማል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ሞተሩ ነው" አለኝ። አንድ ሱቅ ሳያየው በስልክ የሞተር ዋጋ ነገረኝ። ሽማግሌው ግን ቴስተሩን በገመዶቹ ሁለት ጫፍ ላይ እያደረጉ፣ እኔ ዳገቱን ስወጣ፣ አንድ በአንድ ለኩ። ጤነኛ ገመድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ከ0.2 እምብዛም አይበልጥም። አንዱ ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ አገኙ። ዳገት ላይ በእነዚህ ገመዶች 200 አምፒር ሊያልፍ ይችላል፤ ግማሽ ቮልት በ200 አምፒር ሲባዛ 100 ዋት ሙቀት ነው፣ ያም ሁሉ አንዲት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ፕላስቲኩን ሲገፍፉት ሽቦው ውስጥ ለውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። "ሞተሩ ምን በደለ?" አሉ፣ እየሳቁ። ገመዶቹን በሙሉ በወፍራም ቀየርናቸው።

ባትሪዎቹን ግን ማዳን አልተቻለም። አንዱን ብቻ ቀይሬ አምስቱን ልቀጥል ፈልጌ ነበር፤ ሽማግሌው ከለከሉኝ። በተከታታይ የታሰሩ ባትሪዎች አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ጎትተው ይገድሉታል፣ አዲሱም ከአሮጌዎቹ ጋር ቶሎ ያረጃል። ስድስት አዲስ ባትሪ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ይህ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ማንኛውንም አሮጌ የጎልፍ መኪና ስትከራከሩ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላዩ ደምሩና እንደገና አስቡ። ሊትየም ባትሪ ቀላልና ውኃ የማይጠይቅ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ካስገባችሁት የድሮውን ቻርጀር አብራችሁ ሽጡት፣ ለእሱ አልተሠራም። የእርሳሱን ከመረጣችሁ ደግሞ ውኃው የተጣራ (ዲስትልድ) መሆን አለበት፣ የሚጨመረውም ከሞላ በኋላ ነው። በባትሪው ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከውኃው በላይ ከታዩ ብቻ፣ ከመሞላቱ በፊት እስኪሸፈኑ ድረስ ጥቂት ጨምሩ። አገር ቤት ለሶላር እንዲህ ያለ ባትሪ ያላችሁም ይህንኑ ደንብ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ስለ ፍጥነት መቆጣጠሪያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የዚያ ዘመን መኪኖች ፔዳሉን በግማሽ ስትረግጡ ትርፉን ኃይል በወፍራም የሽቦ ጥቅልሎች ላይ አቃጥለው ያጠፉታል። ጥቅልሎቹ ይግላሉ፤ ረጅም ጊዜ ቀስ ብላችሁ ከነዳችሁ ደግሞ ይቀላሉ። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ጥቅልሎቹ ይዘለሉና ኃይሉ በሙሉ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር፣ አሮጌው መኪና ባትሪ የሚቆጥበው ሲሮጥ ነው። በጥቅልሎቹ አካባቢ ደረቅ ቅጠልና ሣር እንዳይከማች አድርጉ፤ የእኔው መኪና ውስጥ የዶሮ ላባ ሞልቶ ነበር፣ ሳንጠርግ ብንነዳው ይነድ ነበር። እንዲሁም ሞተሩን ከመኪናው አውጥታችሁ መሬት ላይ በሙሉው ቮልት አትሞክሩት፤ ይህ ዓይነት ሞተር ጭነት ከሌለው ፍጥነቱ እየጨመረ ራሱን እስኪበታትን ድረስ ይዞራል።

ፍሬኑን ከሁሉ በፊት ሠርቻለሁ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። እነዚህ መኪኖች ፍሬን ያላቸው ከኋላ ብቻ ነው፣ ለዓመታት የቆመ መኪና ገመዱ ዝጎ ይይዛል ወይም ጨርሶ አይይዝም። እናቴን የጫንኳት ቁልቁለት ላይ ብቻዬን ደጋግሜ ካቆምኩት በኋላ ነው። እሷ ስሙን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ባጃጁ" አለችው፤ "ባጃጁን አውጣልኝ" ስትለኝ ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ይህን ቃል ለምደዋል።

መኪናው መሄድ ሲጀምር ልቤ ሌላ ተመኘ። ሃርሊ ዴቪድሰን ከ1963 እስከ 1982 የጎልፍ መኪና ይሠራ እንደነበር ስሰማ አንድ ባለ ሦስት ጎማ ለማየት ሄድኩ። ውብ ነው። ሞተሩ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚገባበት ሲሆን ወደ ኋላ ሲሄድ ሞተሩ ራሱ በተቃራኒው ይዞራል፤ ይህን ሲያዩ አለመደነቅ አይቻልም። ነገር ግን ባለ ሦስት ጎማ መኪና በጠበበ መታጠፊያ ላይ በቀላሉ ይገለበጣል፣ እኔ ደግሞ አሮጊት እናት ነው የምጭነው። ፎቶ አንሥቼ ተመለስኩ። ለብቻችሁ የምትነዱና ጊዜ ያላችሁ ከሆናችሁ እሰየው፤ ብቻ ሞተሩ ደርቆ ያልተጣበቀ መሆኑን በእጅ አዙራችሁ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የጎልፍ መኪና በአብዛኛው ሊብሬ የለውም። በዚህ ምክንያት የተሰረቀውም ያልተሰረቀውም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሸጣል። የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ አትግዙ። ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ ቀኑና የሁለታችሁም ፊርማ ያለበት የሽያጭ ወረቀት አስጽፉ፤ እዚህ ከተማ ለምዝገባ ስሄድ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የቀረው መብራት ነበር። የድሮው መኪና የተሠራው ለቀን ጨዋታ ስለሆነ መብራት የለውም፤ እናቴ ደግሞ የምትወደው አመሻሹን ነው። የመኪና መብራት 12 ቮልት ስለሚፈልግ ብዙዎች ከሁለት ባትሪዎች ብቻ ይስቡለታል። ያ ሁለቱን ከአራቱ ነጥሎ ያደክምና ጥቅሉን ያበላሻል። ከ36 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ሣጥን ገዝታችሁ ከጥቅሉ ሁለት ጫፍ አስሩት፤ በፖዘቲቩ በኩል፣ ለባትሪው ቅርብ አድርጋችሁ ፊውዝ አስገቡበት። እኔ የፊትና የኋላ መብራት በዚህ መንገድ አስገብቻለሁ። ክላክስ ግን አላስገባሁለትም፤ እናቴ ከፊታችን ያለውን እግረኛ በአማርኛ እየጠራች ታስለቅቃለች፣ እስካሁን ያልገባው ሰው አልገጠመንም።